አላይመንት፦ «ሸርተት» እና «ዘመም»

ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የውድድር ሮቦት አላየሁባትም። ሞተር ሳይክል ግን ሞልቷል፤ ካቴና የላላበት ሰው ደግሞ የመንገድ ዳር ጠጋኝ አያጣም። ጠጋኙ የኋላ ጎማውን ዳዶ ያላላል፣ ጎማውን ወደ ኋላ ይስባል፣ መልሶ ከማጥበቁ በፊት ግን ጎንበስ ብሎ ጭረት ይቆጥራል። የጎማው ዘንግ ግራ ጫፉ ሦስተኛው ጭረት ላይ ካረፈ ቀኙም ሦስተኛው ላይ መሆን አለበት።

አላይመንት የሚባለው ይኸው ነው። በአማርኛ «አሰላለፍ» ሲባል እንሰማለን። ለእግር ኳስ ቡድን ይበቃል፤ ካቴናው ለወለቀበት ሰው ግን ምኑን እንደሚፈታ አይነግረውም። ምክንያቱም ስህተቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው።

ዘንጎቹ ትይዩ ሆነው፣ ካቴናው የተጠመጠመባቸው ሁለት ጥርሳም ማርሾች ግን አንዱ ከሌላው ወደ ጎን ወጣ ሲል «ሸርተት» ልበለው። ዘንጉ ራሱ ሲያዘነብል ደግሞ «ዘመም»። ቃላቱን የመረጥኩት በአማርኛ «ከፈተ» እና «ከፈት አደረገ» ስለሚለያዩ ነው፤ ሁለተኛው ጥቂት ብቻ ነው። እዚህም ጉዳዩ የሚሊሜትር ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ በተጀመረው የፈርስት የተማሪዎች ሮቦት ውድድር፣ ከሞተር ወደ ጎማ ኃይል ለማድረስ ብዙ ጊዜ «25» እና «35» የሚባሉ ካቴናዎች ያገለግላሉ። የመጀመሪያው አሃዝ የዓይኖቹን ርቀት በኢንች ስምንተኛ ይቆጥራል፤ ስለዚህ የ25 አንዱ ዓይን ከሚቀጥለው 6.35 ሚሊሜትር ይርቃል። የብስክሌት ካቴና 12.7 ነው። ብስክሌቱ የሚችለውን ሸርተት ትንሹ 25 አይችለውም።

የሸርተትንና የዘመምን ምልክት ከካቴናው ላይ ያነቡታል። የጎን ሳህኖቹ በውስጥ በኩል ያብረቀርቃሉ፣ የማርሹ ጥርስ በአንድ ጎኑ ብቻ ይበላል፣ ሮቦቱ በድንገት ወደ ኋላ ሲዞር ካቴናው ይወልቃል። ተማሪዎች ያኔ የሚቀድማቸው ካቴናውን ማጥበቅ ነው። አይሆንም! በዘመመ ዘንግ ላይ የተወጠረ ካቴና ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ሸርተትን ለማወቅ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በሁለቱ ማርሾች ጎን ላይ ማጋደም ይበቃል፤ በአንዱ በኩል ብርሃን ካሳለፈ ሮንዴላ ጨምሮ ወይም ቀንሶ ማስተካከል ነው። ለዘመም በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት በግራ ጫፍ ይለካል፣ በቀኝ ጫፍም ይለካል። ልዩነት ካለ የኩሽኔታው መያዣ ብሎኖች ላልተው ዘንጉ እንደገና ይቀመጣል። ከጠጋኙ ጭረት ቆጠራ አይለይም።

በመጨረሻ ሮቦቱን ከመሬት አንስቶ ጎማውን በእጅ ማዞር ነው። ካቴናው አንዴ ጠበቅ አንዴ ላላ እያለ ከዞረ ሸርተትም ዘመምም ላይሆን ይችላል፤ ዘንጉ ጎበጥ ብሎ እንደሆነ ማየት ነው። ለዚህ አዲስ ቃል አላስፈለገኝም።