ሳዞን አላት

የዶሚኒካን ምግብ ልማር ብሎ ሳንቶ ዶሚንጎ ለወረደ የውጭ ሰው «ሳዞን» የሚሉት ቃል ቶሎ አይገባውም። «ቅመም» ብለን ብናልፈው ግማሹን ብቻ ነው የያዝነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ጨው በእንጨት ሙቀጫ ተወቅጦ ኮምጣጣ ብርቱካን ሲጨመቅበት ሳዞን ይባላል፤ በፓኬት የሚሸጠው ዱቄትም እንዲሁ። አንዲት ሴት «ሳዞን አላት» ከተባለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለዶሮ ወጡ ዘይት ውስጥ የጣለችው ስኳር መጥቆር ሲጀምር፣ ገና ሳያር፣ ሥጋውን መቼ እንደምትጨምር ያለ ሰዓት ታውቃለች ማለት ነው። የስፓኒሹ ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ መዝራት ነበር፤ ከዚያ ወቅት፣ የፍሬ መብሰል፣ ኋላም ጣዕም ሆነ። (የእኛም «በሰለ» ለፍሬም ለወጥም ያገለግላል፤ እዚህ ግን አያወጣንም።) ወደ አማርኛ ስንመልሰው ለፓኬቱ «ማጣፈጫ» ይበቃዋል። ለሴትዮዋ «ክህሎት» የሚለው የሥልጠና አዳራሽ ይሸታል። እኔ «ሙያ» ብል እመርጣለሁ። ቃሉ ዛሬ ቢሮ ገብቶ የሥራ መደብ መጠሪያ ቢሆንም፣ «ባለሙያ ናት» ሲባል ወጧን የሚያስብ አሁንም ብዙ ነው።