ከገዳሪፍ እስከ አሩስ፦ የጠላቂዎች ሲሊንደርና የአንገቱ ማኅተም

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከገዳሪፍ ከተማ አካባቢ በጨለማ የሚነሡ የጭነት መኪኖች ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዙ ነበር። በውስጣቸው ተጠጋግተው የተቀመጡት ከጎንደርና ከትግራይ ገጠሮች ተነሥተው፣ በእግራቸው ድንበር ተሻግረው፣ በኡም ራኩባና በተዋዋ የስደተኞች መጠለያዎች ረጅም ጊዜ ያሳለፉ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ብዙዎቹ ልጆቻቸውንና ወላጆቻቸውን በመንገድ ወይም በመጠለያው ቀብረዋል። ማንነታቸውን ከጎረቤት ስደተኛ እንኳ ደብቀው ኖረዋል። የመንገዳቸው ማብቂያ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው አሩስ የተባለች የመዝናኛ መንደር አጠገብ ያለ የባሕር ዳርቻ ነበር። መንደሯ በይፋ የምታስተናግደው ባሕር ጠላቂ ቱሪስቶችን ነው።

ይህ ታሪክ በመጻሕፍትም በፊልምም ተነግሯል፤ የሚወሳው ግን ስለ ሰላዮቹና ስለ ጀልባዎቹ ነው። ሽፋኑ እንዲታመን ያደረገው ሥራ፣ ማለትም በጀርባ የሚታዘለው የአየር ሲሊንደርና በዙሪያው የተገነባው ሥርዓት፣ እምብዛም አይነሣም። የሱዳን ባለሥልጣናት ፈረንጆች ከባድ ዕቃና ፈጣን ጀልባ ይዘው በረሃ ዳር መስፈራቸውን ያለ ብዙ ጥያቄ የተቀበሉት ያ ባሕር ከዚያ በፊትም የጠላቂዎች ባሕር ስለ ነበረ ነው።

ጣሊያን ወደ ጦርነቱ በገባችበት ዕለት፣ ሰኔ 10 ቀን 1940፣ «ኡምብሪያ» የተባለችው የጣሊያን መርከብ ከፖርት ሱዳን አጠገብ በገዛ መርከበኞቿ እጅ ሰጠመች። ከጭነቷ መካከል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይሄድ የነበረ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቦምብ ይገኝበታል። እንግሊዞች እጅ እንዳያደርጉት ሲባል ባሕር የገባው ይህ ጭነት ቢደርስ ኖሮ በማን ላይ ይወድቅ እንደ ነበር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ ወደዚሁ ባሕር መጥቶ ጠለቀ፤ ያነሣው ፊልምም በ1951 ወጣ። በ1963 ደግሞ ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ከፖርት ሱዳን ብዙም በማይርቀው በሻዕብ ሩሚ ሪፍ ላይ ከባሕር ወለል 10 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የብረት ቤት ተከለ። ጓደኞቹ አንድ ወር ገደማ እዚያው እየበሉና እየተኙ ኖሩ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ የመሣሪያው ማቆሚያ ፍርስራሽም በሪፉ ላይ ቀርቷል።

ሐስ ይጠቀምበት የነበረው የኦክስጅን መሣሪያ ነው፤ ንጹሕ ኦክስጅን ደግሞ ከጥቂት ሜትሮች በታች ሰውን ይመርዛል። መንገዱን የከፈተው ኩስቶና ኢንጂነሩ ኤሚል ጋኛን በ1943 የሠሩት፣ ታምቆ የተሞላን ተራ አየር ለጠላቂው በሚፈልገው ልክ የሚመጥን መሣሪያ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠላቂው የሚኖረው በጀርባው ባዘለው ብረት ነው።

ይህ ብረት ተራ በርሜል አይደለም። የቤት መኪና ጎማ በአንድ ኢንች ካሬ 30 ፓውንድ ያህል ግፊት ይይዛል። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የተለመደው የአረብ ብረት ሲሊንደር ግን 2,250 ፓውንድ እንዲይዝ የተፈቀደ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ቢፈነዳ ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ ብየዳ የሚባል ነገር አይነካውም፤ ከአንድ ወጥ ብረት ተስቦ ወይም ተገፍቶ ይወጣና አፉ በእሳት ግሎ እየተሽከረከረ ይጠባል። ከዚያም በሙቀት ታክሞ ይጠነክራል። ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት አረብ ብረት ሲመጣ ግድግዳው ቀጠን፣ ክብደቱም ቀለል ሊል ቻለ።

ሠሪው «ጠንካራ ነው» ስላለ ብቻ ግን አይታመንም። ሲሊንደሩ በውሃ ተሞልቶ፣ ራሱም ውሃ ባለበት ጋን ውስጥ ገብቶ፣ ከሥራ ግፊቱ በላይ ይጨነቃል። ባለ 2,250ው እስከ 3,750 ይደርሳል ማለት ነው። ውሃ የተመረጠው ስለማይታመቅ ነው፤ ብረቱ ቢሰነጠቅ እንኳ እንደ አየር አይፈነዳም። ግፊቱ ሲለቀቅ ሲሊንደሩ ወደ ቀድሞ መጠኑ መመለስ አለበት። ከለጠጡ ከአንድ አሥረኛ በላይ ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ ይጣላል። ይህ ፍተሻ በአሜሪካ ሕግ በየአምስት ዓመቱ ይደገማል፤ ወሩና ዓመቱም በአንገቱ ዙሪያ ይቀረጻል። የብረቱ ዓይነት፣ የተፈቀደው ግፊት፣ የሠሪው ምልክትና ተራ ቁጥሩ ሁሉ እዚያው ናቸው። የሲሊንደር የልደት ወረቀትና የይለፍ ፈቃድ አንገቱ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማኅተሙ ግን በየአገሩ ይለያይ ነበር። በአሜሪካ መጀመሪያ የግዛቶችን የእርስ በርስ ንግድ የሚቆጣጠረው ኮሚሽን፣ ከ1967 ወዲህ ደግሞ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ፈቃጅ ሆነ። በፈረንሳይ የማዕድን አገልግሎቱ መርማሪ የፈረስ ራስ ምስል ያትምበት ነበር፤ ጀርመንና እንግሊዝም የየራሳቸው ደንብ ነበራቸው። በአንዱ አገር የታመነ ብረት ድንበር ሲሻገር እንደ ባዕድ ይቆጠራል። ከ1970ዎቹ ወዲህ አሉሚኒየም ገበያውን እየያዘ ሲሄድና የአረብ ብረት ሠሪዎች እስከ 3,500 ፓውንድ የሚይዝ ቀጭን ሲሊንደር ይዘው ሲመጡ፣ አዲሱ ዕቃ በቀድሞው የአሜሪካ ደንብ ውስጥ ስላልተካተተ በልዩ ፈቃድ ብቻ ይሸጥ ጀመር። በሰሜን ጣሊያን ፍሪውሊ የሚገኘው የፋበር ፋብሪካ ሲሊንደርም አትላንቲክን ለመሻገር ይህንኑ ፈቃድ ይዟል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ1999 ባወጡት መመሪያ «ፓይ» በተባለው የግሪክ ፊደል በአንድ ማኅተም ተስማሙ።

የአረብ ብረት ትልቁ ጠላት ግን ጨው ነው። የባሕር ውሃ ጠብታ በቫልቩ ከገባ ዝገቱ ግድግዳውን መብላት ብቻ ሳይሆን በታመቀው አየር ውስጥ ያለውን ኦክስጅንም ይቀንሳል። በሞቃት ባሕር ዳር ያሉ የጠለቃ ማዕከላት ወደ አሉሚኒየም ያዘነበሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሩስን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠሯት ጣሊያናውያን ነበሩ፤ መንገድ፣ ውሃና መብራት ባለመኖሩ ግን ባዶዋን ቀረች። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ሰዎች በስዊዘርላንድ ኩባንያ ስም ለሦስት ዓመት በ320,000 ዶላር ተከራዩአት። መነሻው ከትግራይ ወደ ካርቱም የተሰደደው መምህር ፈረደ አክሉም የላከው የእርዱኝ ደብዳቤ ነው። ሞሳድ በ1979 ሰው ልኮ ካርቱም ውስጥ አገኘው፤ በገዳሪፍ መጠለያዎች ተበትነው የነበሩትን የመፈለጉ ሥራም ከዚያ ተጀመረ።

መንደሯ የይስሙላ ሆና ልትቀር አትችልም ነበር። እውነተኛ እንግዶች እየከፈሉ ይመጣሉ፤ ዲፕሎማቶችና የጦር መኮንኖች ሳይቀሩ። የአገሬው ሠራተኞች ምግብ ያበስላሉ፣ አልጋ ያነጥፋሉ። ለእነርሱም ለእንግዶቹም የተከለከለ አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ የጠለቃ ዕቃ ማስቀመጫው። ከቴል አቪቭ ጋር የሚገናኙበት የሬዲዮ መሣሪያ የተደበቀው እዚያ ነው። ምርጫው ብልህ ነበር ማለት ይቻላል፤ ታምቆ የተሞላ አየር ያለበትን ክፍል ቆልፎ መያዝ ማንንም አያስጠረጥርም።

በመጋቢት 1982 አንድ ሌሊት የባሕር ኃይሉ ጀልባዎች ስደተኞችን ጭነው ከዳርቻው ሲወጡ የሱዳን ወታደሮች ደረሱ። ኮንትሮባንዲስቶች መስለዋቸው ተኮሱም። የቡድኑ አለቃ ሳይደነግጥ በቁጣ አፈጠጠባቸው፤ ቱሪስት ይዞ ለጠለቃ በወጣ ሰው ላይ እንዴት ይተኮሳል ብሎ ጮኸባቸው። ወታደሮቹ አምነው ሄዱ። ወረቀት የሌላቸውን የጎንደርና የትግራይ ገበሬዎች በዚያ ሌሊት ያዳናቸው የዚህ ስፖርት ስም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስደተኞቹ በበረሃ በሚያርፉ የሄርኩሊስ አውሮፕላኖች ይጫኑ ጀመር። አሩስ ግን ሥራዋን አላቋረጠችም። ሚያዝያ 1985 ኒሜሪ ከሥልጣን ሲወርዱ አደጋው ቀረበና ሰዎቹ በሌሊት መኪና ጭነው ጠፉ። በማግሥቱ ጠዋት እንግዶቹ ሲነሡ የጠለቃ አስተማሪውም፣ ሥራ አስኪያጇም የሉም። ምግብ አብሳዮቹና አልጋ አንጣፊዎቹ ብቻ ነበሩ።