ከማሽን ቤት እስከ በረንዳ፦ የተንቀሳቃሽ ጄኔሬተርና የጭሱ ታሪክ

መብራት በጠፋበት ምሽት ከየግቢው የሚሰማው የጄኔሬተር ድምፅ ለከተማ ነዋሪ እንግዳ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ድምፁ ሲሰማ ጎረቤት “እነ እገሌ መብራት አላቸው” ይላል እንጂ ከዚያ አልፎ የሚመረምረው ነገር የለም። መሣሪያው ግን በአንድ ሰው እጅ ተነሥቶ ከኩሽና በር ሥር ለመቀመጥ እስኪበቃ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ተጉዟል። በዚህ ጉዞ መጠኑ አንሷል፣ ዋጋው ረክሷል፣ አነሣሡም ቀልሏል። ያልተለወጠው ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነገር ነው። የጄኔሬተርን የአደጋ ታሪክ ለመረዳት የሚፈልግ ባለሙያ፣ ማሽኑ ወደ ሰው መኝታ እየቀረበ ሲመጣ ዕውቀቱ ለምን አብሮት እንዳልመጣ መጠየቅ ይኖርበታል።

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ዓ.ም. በመግነጢስና በሽቦ እንቅስቃሴ የኤሌክትሪክ ጅረት እንደሚገኝ አስመሰከረ። ቬርነር ፎን ሲመንስ በ1866 ራሱን በራሱ የሚያመገንጥ ዳይናሞ ሠራ። በ1876 ደግሞ ኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምቱን ሞተር ለሥራ አበቃ። የዛሬው ጄኔሬተር የእነዚህ የሁለቱ መሣሪያዎች ጋብቻ ውጤት ነው። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ጥንድ ማሽኖች በሲሚንቶ መሠረት ላይ የሚተከሉ፣ የራሳቸው ቤት የሚሠራላቸውና ዘወትር የሚጠብቃቸው ማሽኒስት የሚቀጠርላቸው ከባድ ዕቃዎች ነበሩ። ለደኅንነት ተብሎ የወጣ ደንብ ባይኖርም ርቀቱና ማሽኒስቱ ደንቡን ተክተው ይሠሩ ነበር።

የኢትዮጵያም የኤሌክትሪክ ታሪክ የሚጀምረው በዚሁ ዓይነት ማሽን ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መብራት የሰጠው ጄኔሬተር ለሕዝብ ቤት የታሰበ አልነበረም። ከዚያም የአቃቂ ወንዝ ውኃ ለማመንጫነት ዋለ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ከዋናው የማስተላለፊያ መስመር ርቀው የነበሩት የአውራጃ ከተሞች ግን ለብዙ ዓመታት በናፍጣ ማሽን ሲጠቀሙ ኖረዋል። የከተማው ሰው ከማሽኑ ጋር የነበረው ግንኙነት ሲነሣና ሲጠፋ ድምፁን መስማት ብቻ ነበር። ጭሱ የማሽኒስቱ ጉዳይ ነበር፤ ማሽኒስቱም ጠባዩን ያውቀዋል።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ትንሽነት ነው። የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 ኢ 300 የተባለውን ጄኔሬተር ለገበያ አቀረበ። ስሙ እንደሚያመለክተው ኃይሉ 300 ቮልት አምፔር ሲሆን ጥቂት አምፖሎችና አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ከማንቀሳቀስ አያልፍም። ነገር ግን እጀታ ነበረው፤ ከኃይሉ ይልቅ ታሪክ የሠራው ይህ እጀታ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት፣ ኅዳር 9 ቀን 1965 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በካናዳ ኦንታሪዮ በሚገኘው የሰር አዳም ቤክ ማመንጫ አንድ የመከላከያ ሪሌይ ከሚገባው በታች ተስተካክሎ በመገኘቱ መስመር ቆረጠ። ጭነቱ ወደ ሌሎቹ መስመሮች ተገልብጦ ተራ በተራ ጣላቸውና 30 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በጨለማ አደረ። ትልቁ መረብ ሊወድቅ እንደሚችል ሕዝብ ያየበት ዓመትና በእጅ የሚያዝ ማመንጫ ለገበያ የቀረበበት ዓመት አንድ መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው አያውቁም።

የጭሱ ታሪክ ከማሽኑ ታሪክ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎድ ቤርናር በ1850ዎቹ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ እንደሚነጥቅ ገለጸ። ነገሩን በልኬት ያስቀመጠው ግን ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ነው። ሃልዴን ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ፣ ደሙን እያስመረመረ፣ እግሩ ሲዝልና ማስተዋሉ ሲደክም የሚሰማውን መዝግቦ በ1895 አሳተመ። በዓመቱ፣ በጥር 1896፣ በዌልስ የታይለርስታውን የከሰል ማዕድን ፈነዳና 57 ሰዎች ሞቱ። ሃልዴን አስከሬኖቹን ሲመረምር አብዛኞቹን የገደለው ፍንዳታው ሳይሆን ከፍንዳታው በኋላ በዋሻው ውስጥ የተሠራጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚህ ምርምር የተነሣ ትናንሽ እንስሳት ከማዕድን ሠራተኞች ጋር እንዲወርዱ መከረ። ካናሪ የተባለችው ወፍ አተነፋፈሷ ፈጣን ስለሆነ ጋዙ ቀድሞ ይጥላታል፤ ሠራተኛው እሷ ስትወድቅ አይቶ ይወጣል። የብሪታንያ ማዕድን ቤቶች ወፏን በኤሌክትሮኒክ መለኪያ እንዲተኩ የተወሰነው በ1986 ነበር።

ለመሐንዲስ የሃልዴንን ግኝት በአንድ መስመር ስሌት ማስቀመጥ ይቻላል። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚይዝበት ኃይል ኦክስጅንን ከሚይዝበት ከ200 እስከ 250 እጥፍ ይበልጣል። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ነው። 21ን ለ210 ቢያካፍሉት 0.1 ይወጣል። ይኸውም በክፍሉ አየር ውስጥ ጋዙ 0.1 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በቂ ጊዜ ካገኘ፣ የሰውየውን ደም እኩሌታ ይወስዳል ማለት ነው። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ወለል ላይ አይተኛም፣ ጣሪያም ላይ አይሰበሰብም፤ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። “ዝቅ ብሎ መተኛት ያድናል” ወይም “ከፍ ያለ መስኮት ይበቃል” የሚሉት ሁለቱም አስተሳሰቦች መሠረት የላቸውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሃልዴን በራሱ ላይ ያየው ነገር ነው፤ ጋዙ መጀመሪያ የሚያዳክመው ለማምለጥ የሚያስፈልገውን ማስተዋልና እግር ነው። ከጋዙ የወጣ ሰው እንኳ ተራ አየር እየተነፈሰ በደሙ ያለውን ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ጋዝ በሌላ ስም የታወቀ ነው። በዝናብ ወራት በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ማንደጃ አስገብተው አድረው በጧት ያልተነሡ ሰዎች ወሬ ያልሰማ የለም። ጄኔሬተሩም የሚያወጣው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን አንድ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች የሚያወጡትን ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያወጣ እንደሚችል ይገልጻል። መኪናው ጋዙን የሚያጠራ መሣሪያ በጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞለታል፤ ትንሹ ሞተር ግን በአብዛኛው የለውም።

እዚህ ላይ የከፍታን ነገር መርሳት አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሞተር ኃይል በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ ገዢው በሰሌዳው ላይ ካነበበው ኃይል አራተኛውን ያህል አያገኘውም። በባሕር ወለል ልክ የተስተካከለ ካርቡሬተርም በዚህ ከፍታ ለሚገባው አየር ከመጠን ያለፈ ቤንዚን ይሰጣል። በአግባቡ ያልነደደ ቤንዚን ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድን ያበዛል። ኃይሉ ቀንሶ መርዙ የጨመረ ማሽን፣ አስቀድሞም ጥቂት ኦክስጅን ለሚተነፍስ ሰው ይቀርባል ማለት ነው። በሻጩ መደብር ውስጥ ይህን የሚናገር አይገኝም።

አሜሪካኖች ይህን ትምህርት የቀሰሙት በየአውሎ ነፋሱ ማግሥት ነው። በጥር 1998 የበረዶ ዝናብ የኩቤክንና የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካን መስመሮች በጣለ ጊዜ፣ እንዲሁም በ2005 ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ ሐኪሞች በጋዝ የታመሙ ቤተሰቦችን ተቀበሉ። አብዛኛው ሰው ማሽኑን በምድር ቤት፣ በጋራዥ ወይም በመስኮት ሥር አስቀምጦት ነበር። ምክንያቱም ለመረዳት የሚያዳግት አይደለም፤ ማሽኑ ውድ ነው፣ ሌባ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ገመዱም አጭር ነው። ኮሚሽኑ ከግንቦት 2007 ጀምሮ በእያንዳንዱ አዲስ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ላይ፣ በቤት ውስጥ ማስነሣት በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚገድል የሚገልጽ የአደጋ ምልክት እንዲለጠፍ አስገደደ። በ2009 ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የአየር ፍሰትን በስሌት አስመስሎ አጠና። ማሽኑን ከቤት 15 ጫማ፣ ማለትም 4.6 ሜትር ያህል ማራቅ ነፋሱ ወደ ቤቱ ሲነፍስ ላይበቃ እንደሚችል አሳየ። ዛሬ የሚሰጠው ምክር ቢያንስ 20 ጫማ፣ ወደ ስድስት ሜትር ሆኖ፣ ጭስ ማውጫው ከበርና ከመስኮት ፊቱን እንዲያዞር ነው።

ምልክቱ ግን ሞቱን አላስቆመም። ኮሚሽኑ በዚያች አገር በየዓመቱ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች በተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ጋዝ እንደሚሞቱ ይገምታል። ነገሩ አያስደንቅም። መለያው የሚነበበው በቀን ብርሃን፣ በሰላም ጊዜ ነው፤ ማሽኑ የሚነሣው ግን በጨለማ፣ በብርድና በጥድፊያ ነው። በየካቲት 2021 በቴክሳስ የደረሰው ብርድ መረቡን ሲያናጋ ክፍለ ሀገሩ ከመዘገባቸው 246 ሟቾች መካከል 19ኙ የሞቱት በካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር፤ በሂውስተን ከኢትዮጵያ ሄደው የሚኖሩ ሰዎችም ከሟቾቹ መካከል ይገኙ ነበር። ገዳዩ ሁልጊዜ ጄኔሬተር አልነበረም፤ ለሙቀት ሲባል በጋራዥ ውስጥ የተነሣ መኪናና ቤት የገባ ከሰልም ነበር። ጋዙ ግን አንድ ነው። መሐንዲሶች በመለያ ብቻ መተማመንን ትተው ማሽኑን ራሱን ማረም የጀመሩት ዘግይተው ነው፤ በ2018 የወጡት ሁለት የአሜሪካ ደረጃዎች ጋዙ ሲከማች ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋ መለኪያ እንዲገጠም አደረጉ። ከታይለርስታውን እስከዚህ ድረስ 122 ዓመት አልፏል። ደረጃዎቹ በውዴታ የሚፈጸሙ በመሆናቸው መለኪያ የሌላቸው ማሽኖች በዓለም ገበያ ሞልተው ይገኛሉ።

ሁለተኛው አደጋ ጄኔሬተሩን ያስነሣውን ሰው ሳይሆን ፈጽሞ የማያውቀውን ሰው የሚገድል ነው። አንዳንድ አባወራ ሁለት ጫፉ ወንድ ፊሽ የሆነ ገመድ አሠርቶ የጄኔሬተሩን ኃይል በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ ያስገባል። ቤቱ በሙሉ ይበራል፤ ሰውየውም ብልኃቱ ይደንቀዋል። ዋናውን ማብሪያ ካላጠፋ ግን ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንደሩ ትራንስፎርመር ይሄዳል። ትራንስፎርመር ወገን አያውቅም፤ 15,000ውን ቮልት ወደ 380 እና 220 እንደሚያወርድ ሁሉ ከታች የመጣውንም ወደ ሺዎች ያወጣዋል። በዚያ ሰዓት ምሰሶ ላይ የወጣው የመስመር ሠራተኛ መስመሩ እንደሞተ ያምናል። የሙያው ደንብ ሠራተኛው መስመሩን ፈትሾ ከመሬት ጋር ሳያገናኝ እንዳይነካ ያዛል፤ ደንቡ የተጻፈው ግን የሰው ጥድፊያ ስለሚታወቅ ነው። መድኃኒቱ በጣም ቀላል ነው። ባለሙያዎች ቼንጅ ኦቨር የሚሉት መቀያየሪያ ማብሪያ ቤቱን ወይ ከመንገዱ መስመር ወይ ከጄኔሬተሩ ጋር ያገናኛል፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማገናኘት በሜካኒክስ የማይቻል ነው። ይህን ለማስገጠም አቅም የሌለው ዕቃዎቹን በጥሩ ገመድ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ሶኬት ቢሰካ ይበቃዋል።

በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መጨመር፣ ጀሪካኑን ከማሽኑ ጎን ማኖርና በእርጥብ እጅ ሶኬት መንካት የሚያስከትሉትን ሁሉም ያውቀዋል፤ ዕውቀት ያልጎደለበት ክፍል ይህ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ አንሶ ኃይል በፈረቃ ሲታደል በአዲስ አበባ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ጄኔሬተር ተደረደረ። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ማመንጫዎች ተሠርተዋል፤ ትናንሾቹ ማሽኖች ግን ከየበረንዳው አልተነሡም፤ መስመር በነፋስና በዝናብ መቆረጡም አልቀረምና። ጥያቄው አሁን የቦታ ሆኗል። የድሮው ማሽን ቤት በከተማው ዳር የነበረውን ያህል ቦታ ዛሬ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ግቢው ሰፊ የሆነለት አራት ቋሚ አቁሞ፣ ጎኑን ሳይዘጋ ቆርቆሮ ቢያለብስለት ማሽኑ ከዝናብ ይድናል፤ ጭሱም ይሄዳል። ከቤቱ ግድግዳ እስከ ጎረቤቱ ግድግዳ ስድስት ሜትር በማይሞላበት ግቢና በጋራ መኖሪያ ሕንፃ በረንዳ ላይ ግን፣ ጄኔሬተሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ለእንዲህ ያለው ቤት ኃይል በሚኖርበት ሰዓት የሚሞላ ባትሪና ኢንቬርተር ጥቂት አምፖሎችን፣ ሬዲዮንና ስልክን ያለ ጭስ ያሳድራል፤ የኢ 300 አቅምም በ1965 ከዚህ ብዙ የሚበልጥ አልነበረም።