ላይኛው ፎቅ ላይ የተቆለፈችው ሴትዮ

«የድሮ ልቦለድ እየወሰዱ ጥቁር ገጸ ባሕርይ፣ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ይጨምሩበታል፤ ለምን የራሳቸውን አይጽፉም?» የሚል ወቀሳ በየጊዜው እሰማለሁ። እኔ ግን «ይጨምሩበታል» የሚለው ቃል አይዋጥልኝም። ሰዎቹ መጀመሪያውኑ እዚያው ቤት ውስጥ ነበሩ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎቲክ ልቦለድ ሲባል ነገሩ ይታወቃል፦ ያረጀ ትልቅ ቤት፣ ሌሊት የሚሰማ ድምፅ፣ የማይከፈት በር። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ባሳተመችው «ጄን ኤር» ውስጥ ከዚያ በር ጀርባ ያለችው በርታ ሜሰን ናት። ሮቸስተር የሚባለው ባለርስት ከጃማይካ ያገባትን፣ 30,000 ፓውንድ ይዛለት የመጣችውን ሚስቱን «አብዳለች» ብሎ ላይኛው ፎቅ ላይ ቆልፎባታል። ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ በመጨረሻም ቤቱን ታቃጥላለች። የትዳራቸውን ታሪክ ግን የሚነግረን እሱ ነው። በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ሴት ስታገባ ገንዘቧ የባሏ ይሆናል። እንግዲህ ገንዘቡም የእሱ፣ ትረካውም የእሱ።

ይህን ዝም ብላ ማለፍ ያልቻለችው ጂን ሪስ ናት። በ1890 ዶሚኒካ በምትባለው የካሪቢያን ደሴት ተወልዳ በ16 ዓመቷ እንግሊዝ ሄደች። ከ1939 በኋላ ለረጅም ጊዜ መጽሐፍ ስላላወጣች ሞታለች ብለው ያሰቡም ነበሩ። በ1966፣ በ76 ዓመቷ፣ «ሰፊው የሳርጋሶ ባሕር» ታተመ። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሴትዮዋ አንቷኔት ናት፤ «በርታ» ብሎ የሰየማት ባሏ ነው። ባርነት በሕግ ከተሻረ በኋላ የከሰሩ የነጭ ባለርስቶች ልጅ ናት። ጥቁሮቹ አይቀበሏትም፣ እንግሊዞቹም እንደ ራሳቸው አይቆጥሯትም። ሪስ ባልየውን መጽሐፉ እስኪያልቅ አንድም ቦታ በስሙ አትጠራውም። ስሟን ለወሰደባት ሰው የሰጠችው ምላሽ ይመስለኛል።

በዚያው በ1847 የታተመው የኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ»ም እንዲሁ ነው። ሂዝክሊፍ ከሊቨርፑል መንገድ ላይ የተነሣ ጠቆር ያለ ልጅ ነው፤ ሊቨርፑል ደግሞ በባሪያ ንግድ የከበረች ወደብ ነበረች። አንድሪያ አርኖልድ በ2011 ፊልሟ ሂዝክሊፍን ለጥቁር ተዋናይ ስትሰጥ ከባዶ አልተነሣችም፤ ፍንጩ መጽሐፉ ውስጥ አለ።

ፍቅሩስ? አየርላንዳዊው ሸሪዳን ለ ፋኑ «ካርሚላ»ን በ1872 በመጽሐፍ ሲያወጣ «ድራኩላ» ገና 25 ዓመት ይቀረው ነበር። ደም መጣጯ ካርሚላ ሎራ የምትባል ወጣት ታፈቅራለች። ሎራም በፍርሃትና በመሳብ መካከል ትዋልላለች። መጨረሻ ላይ ወንዶቹ ተሰብስበው ካርሚላን መቃብሯ ውስጥ ይገድሏታል። በ2014 ካናዳ ውስጥ የተጀመረው የዩቲዩብ ተከታታይ ድራማ ሁለቱን አንድ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍል ውስጥ አገናኛቸው። ፍቅሩን አልፈጠረውም፤ ቅጣቱን ነው ያነሣው።

ሪስም ብትሆን ሁሉንም አልጨረሰችም። የአንቷኔት ሞግዚት ክሪስቶፊን፣ ጥቁሯ የማርቲኒክ ሴት፣ ባልየውን ፊት ለፊት ከሞገተች በኋላ ከታሪኩ ወጥታ ትሄዳለች፤ በዚያው ትቀራለች። የእሷን ታሪክ የሚጽፍ ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፦ ልቦለድ ስታነቡ «ማን ያወራል?» ብቻ አትበሉ፤ «ራሱ ሳይናገር የሚወራበትስ ማነው?» በሉ። እስቲ ካነበባችሁት ውስጥ የማን ታሪክ እንደገና ቢጻፍ ትወዳላችሁ? ከሥር ጻፉልኝ።