“ንጹህ ዘር” ውሻ ከየት መጣ?

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ውሻ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ የሀበሻ ውሻና የፈረንጅ ውሻ። የሀበሻው በር ላይ ይታሰራል፣ የፈረንጁ ሳሎን ይገባል። ቡችላ ሻጩ “ንጹህ ዘር ነው፣ ድቅል አይደለም” ብሎ ከማለ ደግሞ ዋጋው ወዲያው ሽቅብ ይወጣል። (ዘር ስንል የምናወራው ስለ ውሻ ነው። ሌላ ነገር ትዝ ያላችሁ ካላችሁ በራሳችሁ ኃላፊነት ነው።) ለመሆኑ ፈረንጁ ራሱ ይህን “ንጹህ” ውሻ ከየት አመጣው? እኛ ለዚህ ጥያቄ ከቴሪየሮች የተሻለ ምስክር አላገኘንም። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቴሪየር የሚለው ስም መነሻው “መሬት” የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው። ቀበሮ ጉድጓድ ሲገባ ተከትሎ የሚገባው፣ ሰውም ፈረስም ትልቅ ውሻም ሊያልፉት በማይችሉት እሾሃማ ጥሻ ውስጥ ተሹለክልኮ አውሬውን የሚያስወጣው እሱ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ነገር ግን እርስ በርሱ ይጋጫል። ውሻው ጉድጓድ እንዲበቃው ትንሽ መሆን አለበት፤ ትንሽ ሆኖ ግን ከራሱ የሚበልጥ አውሬ መፍራት የለበትም። ድፍረቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ቆሞ በመጮህ ፈንታ ይናከስና እዚያው ይሞታል። ፀጉሩ እሾህና ብርድ የሚመክት ሻካራ መሆን አለበት፤ ከረዘመ ቁጥቋጦው ይዞ ያስቀረዋል። ይህን ሁሉ አሟልቶ የተወለደ ውሻ ስለማይገኝ የጥንት አዳኞች መፍትሔያቸው ማዳቀል ነበር። ካንዱ ቁመት፣ ካንዱ ፀጉር፣ ካንዱ ወኔ። ሰርተፍኬት የሚጠይቅ አልነበረም።

በዚህ ሙያ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው የእንግሊዝ ዴቨን ሰው የነበረው ቄስ ጆን ራስል ነው። በ1819፣ ኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ፣ ከአንድ ወተት አመላላሽ ትራምፕ የምትባል ሴት ውሻ ገዛ ይባላል (ስሟ የዛሬ ሰው ቢያስቅም ያኔ ማንንም አላሳቀም)። ዛሬ ጃክ ራስል የምንላቸው ውሾች ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። እኛን ይበልጥ የገረመን ሌላ ነገር ነው። በ1873 ለንደን ላይ ኬኔል ክለብ ሲመሠረት ራስል ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ነበር፤ የውሻ ቁንጅና ውድድር ላይም ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል። የራሱን ውሾች ግን ለውድድር አያቀርብም ነበር። የሌላውን ያስመዝናል፣ የራሱን ጥሻ ይሰዳል።

የክለቡ መምጣት ነገሩን ሁሉ ለወጠው። የዘር መዝገብ ተከፈተ፤ የተመዘገበ ከተመዘገበ ብቻ ይወልዳል ተባለ። “ንጹህ ዘር” ዛሬ በምናውቀው መልኩ የዚህ መዝገብ ልጅ ነው፤ ዕድሜውም ከመቶ ሃምሳ ዓመት ብዙም አያልፍም።

መዝገቡ ምን እንደሠራ ለማየት ወደ ዌልስ እንሻገር። በፔምብሮክሺር አውራጃ፣ ሲሊያም በሚባል ርስት፣ ካፒቴን ጆን ኤድዋርድስ የሚባል ጡረተኛ መኮንን ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በ1891 እስኪሞት ድረስ ሥራዬ ብሎ የያዘው አንድ ውሻ መፍጠር ነበር፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ከአውሬው ጋር እንዳይምታታ ነጭ የሆነ ውሻ። ምን ከምን ጋር እንዳዳቀለ ጽፎ አላስቀመጠም። ዳንዲ ዲንሞንት፣ ነጭ ቴሪየር፣ ኮርጊ፣ የበሬ ውሻ ደም ያለበት ቴሪየር እየተባለ ይገመታል። ካፒቴኑ ግን ርኅሩኅ ሰው አልነበረም። ገና ያልጠነከሩ ቡችሎችን ሸለምጥማጥ ከሚመስለው ፖልካት ከሚባል ተናካሽ አውሬ ጋር ያጋጥማቸው ነበር፤ ያፈገፈገውን በጥይት ይገድለው ነበር ተብሎ ይተረካል። የድሮ አዳኞችን ስናወድስ ይህን መዝለል አንችልም። ጥሻ ውስጥ የማይፈራው ውሻ የተገኘው በፈሩት ወንድሞቹ ሬሳ ላይ ነው።

ካፒቴኑ ከሞተ በኋላ፣ በ1908፣ ሃቨርፎርድዌስት ከተማ ላይ የሲሊያም ቴሪየር ክለብ ተቋቋመ። ጥቂት ቆይቶም ኬኔል ክለብ ዕውቅና ሰጠው። ከአራት አምስት ዓይነት ውሻ የተጨመቀው ድቅል በአንድ ፊርማ “ንጹህ ዘር” ሆነ ማለት ነው! ከዚያ በኋላ ዝናው ባሕር ተሻገረ። ሆሊውድ ገባ፤ አልፍሬድ ሂችኮክ “ወፎቹ” በተባለው የ1963 ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ከቤት እንስሳት ሱቅ ሲወጣ የሚጎትታቸው ሁለት ነጫጭ ውሾች የገዛ ራሱ ሲሊያሞች ናቸው። ውሻው በዝና ላይ ሳለ ግን አካሉ እየተለወጠ ነበር። ዳኞች ከበድ ያለውን፣ ፀጉሩ የተንዠረገገውን ወደዱ፤ አርቢዎችም ዳኛ የወደደውን አራቡ። ጉድጓድ የማይበቃው፣ ቁጥቋጦ የሚይዘው የጉድጓድ ውሻ ተገኘ።

ይህ ያናደደው ሰው ሰር ጆስሊን ሉካስ ነው። የፓርላማ አባል ነበር፤ ሲሊያሞችን በመንጋ እያሰማራ ያድን ነበር። በ1940ዎቹ ሲሊያሙን ትንሹ፣ ጆሮ እጥፉ ኖርፎክ ቴሪየር (ያኔ ስሙ ገና ኖርዊች ነበር) ላይ አዳቀለው። የተወለዱት ትንንሽ፣ ፀጉረ ሻካራ፣ ፈጣን ውሾች በስሙ ሉካስ ቴሪየር ተባሉ። ኬኔል ክለብ እስከ ዛሬ አያውቃቸውም። ሉካስ ያደረገው ግን ኤድዋርድስ ካደረገው የተለየ አልነበረም፤ ልዩነቱ በመሃል መዝገብ መከፈቱ ብቻ ነው። ሲሊያሙስ? በ2008 በመላው ብሪታንያ የተመዘገቡት ቡችሎች 43 ነበሩ። ክለቡ ራሱ ለመጥፋት የተጋለጡ ከሚላቸው ውሾች መካከል መዝግቦታል።

እዚህ ላይ “ጥፋቱ የቁንጅና ውድድሩ ነው” ብለን ብንዘጋው ደስ ባለን። የጀርመኖቹ ታሪክ ግን አላስቻለን አለ።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥቂት የጀርመን አዳኞች ፎክስ ቴሪየር ለውድድር ተበላሸ ብለው ተነሱ። ቫልተር ሳንገንበርግ፣ ካርል ኤሪክ ግሩነቫልድና ሩዶልፍ ፍሪስ ይባላሉ። መነሻቸው ጥቁርና ቡናማ ቀለም ያላቸው አራት የፎክስ ቴሪየር ቡችሎች ነበሩ። አብዛኛው ተራኪ ቡችሎቹን የሰጣቸው የእንስሳት ማቆያ ሰው የነበረው ሉትስ ሄክ ነው ይላል። ይህ ሄክ ኋላ የበርሊን መካነ እንስሳት ዳይሬክተርና የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል፤ ጀርመን ፖላንድን ስትወር የዋርሶን መካነ እንስሳት ያራቆተ ሰው ነው። ቡችሎቹ መልካቸው ግሩም፣ አደናቸው ግን ደካማ ነበር። ስለዚህ ከአሮጌው ፀጉረ ሻካራ የእንግሊዝ ቴሪየርና ከዌልስ ቴሪየር ጋር ተዳቀሉ። በ1926 ክለብ ተመሠረተ፤ ውሻውም ያግድቴሪየር፣ የአደን ቴሪየር ተባለ። ጀርመናዊ ነን ብለው በኩራት የሠሩት ውሻ እናቱም አባቱም የብሪታንያ ናቸው።

ያግድቴሪየር ከ10 ኪሎ የማያልፍ ሲሆን በጥቅጥቅ ጥሻ ውስጥ የዱር አሳማ ያስነሳል። ከሁሉ የሚፈለግበት ባሕርይ ጠረን ሲከተል መጮሁ ነው፤ አዳኙ አያየውምና ውሻው የት እንደደረሰ የሚያውቀው በድምፁ ብቻ ነው። (የኛ ውሻ በበላበት ይጮሃል፣ የነሱ ደግሞ ባሸተተበት።) ክለቡም ከሲሊያሙ ተምሮ ይመስል፣ የአደን ፈተና ያላለፈ አይራባም አለ። ዳኛው ፀጉር ሳይሆን ጥሻው ሆነ ማለት ነው።

ቢሆንም መዝገብ መዝገብ ነው። በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ ዘር ውስጥ ሰውነት ስብን ወደ ጉልበት እንዳይቀይር የሚያደርግ የዘረ መል ጉድለት አለ። ከአባትም ከእናትም የወረሰው ውሻ ብዙ ከሮጠ በኋላ ጡንቻው መፍረስ ይጀምራል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይወድቃል። ለመሮጥ ብቻ የተመረጠ ውሻ ሲሮጥ ይፈርሳል! የአደን ፈተናው ይህን አይይዘውም፤ ጉድለቱን ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ጤነኛ ነው፤ ፈተናውን ያልፋል፣ ይወልዳል። ዘመዳሞች በተዳቀሉ ቁጥር ሁለቱ ግማሾች ይገናኛሉ።

ማዳቀልም ቢሆን ታሪኩን ከነዕዳው ነው የሚያስተላልፈው። በ2010 ተመራማሪዎች የዓይን ሌንስ ከቦታው ተንሸራቶ ውሻን የሚያሳውረውን የዘረ መል ለውጥ አገኙ። ያው አንድ ለውጥ በጃክ ራስሉም፣ በሌሎች ብዙ ቴሪየሮችም ውስጥ አለ። ኤድዋርድስ ያልጻፈውን፣ እነዚህ ሁሉ “ንጹህ” ዘሮች ከአንድ ማሰሮ መቀዳታቸውን፣ ደማቸው ጽፎት ቆይቷል። ዛሬ ግን አርቢው ከውሻው ጉንጭ ምራቅ በጥጥ ወስዶ ቤተ ሙከራ ይልካል፤ ማን ከማን ጋር መዳቀል እንደሌለበት ይነገረዋል። ከፖልካቱና ከጥይቱ በብዙ ይሻላል።

ሥራው ራሱ ግን እየጠበበ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በ2004 የወጣው የአደን ሕግ ቀበሮን በውሻ ማሳደድ ከለከለ። አሁን ጥሻ ውስጥ አውሬ ለማስነሳት ከሁለት ውሻ በላይ መስደድ አይቻልም፤ ጉድጓድ የሚገባው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሚታደኑ ወፎችን ከቀበሮ ለመጠበቅ። አይጥና ጥንቸል ግን ባለመሬቱ ከፈቀደ ከክልከላው ውጭ ናቸው። የሉካስ ትንንሾች አሁንም በየእርሻው የእህል ጎተራ ሥር አይጥ ሲያሳድዱ ይውላሉ፤ መዝገብ ላይ ስላልሰፈሩም የሚቀርባቸው ነገር የለም።