ያለ ፓርቲ የቆሙት የቀድሞ ፕሬዚዳንት

በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም። ስለዚህ ለዚህ ሥልጣን በግል ቆሞ የሕዝብን ድምፅ መጠየቅ አይቻልም። ሆኖም ሥልጣኑን ከለቀቁ በኋላ በግል የተወዳደሩ አንድ ሰው ነበሩ።

ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነት አገልግለው፣ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በትውልድ አገራቸው በደምቢ ዶሎ ያለ ፓርቲ ተወዳደሩ፤ አሸንፈውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። ይሁን እንጂ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 255 ከሥልጣን የተሰናበተ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ ያስገድድ ነበር። የማንም ፓርቲ እጩ ባይሆኑም ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የተመደበውን ጥቅም ተነፈጉ። በግል መቆም ወገንተኛነት ነውን? ሌላው ዜጋ ያለ ዋጋ የሚጠቀምበትን የመመረጥ መብት እርሳቸው በጡረታቸው ገዙት።