ቲዩብለስ ጎማና የአሮጌው ሞተር ቢስክሌት ቸርኬ

በሙያችን ውስጥ ቀላል መስለው ከሚቀርቡልን፣ ነገር ግን የሰው ሕይወት ከሚንጠለጠልባቸው ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነው። የአሮጌ ሞተር ቢስክሌት ባለቤት ወደ ጋራዥ ይመጣና፣ «አዲሱ ጎማ ቲዩብለስ ነው ተብዬ ገዝቻለሁ፤ ታዲያ ካላማደሪያ ምን ያደርግልኛል? አውጡልኝ» ይላል። ጥያቄው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በተለምዶ ካላማደሪያ የምንለው የውስጥ ጎማ በሚስማር ሲወጋ እንደ ፊኛ ባንድ ጊዜ ሊተነፍስ ይችላል፤ ይህ በፊተኛው እግር ላይ የደረሰበት ነጂ ፍርሃቱን አይረሳውም። ሆኖም መልሱ ጎማውን ብቻ በመመልከት አይገኝም፤ የቸርኬውንም ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞተር ቢስክሌት መንኰራኵሩን የወረሰው ከቢስክሌት ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ በ1874 ራጂዎቹ ከእምብርቱ በማዘንበል ተወጥረው ክብደት የሚሸከሙበትን መንኰራኵር በፈጠራ መብት አስመዘገበ። በ1888 ደግሞ በቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ አስቀድሞ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት የሠራውን በአየር የተሞላ ጎማ አስመዘገበ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች በጠርዞቹ ውስጥ የማይለጠጥ ሽቦ ያለበትን ጎማ አስከተለ።

በዚህ ሁኔታ ሥራው ለሦስት ተከፈለ፤ ይኸውም አየሩን መያዝ የካላማደሪያው፣ ከመንገዱ ጋር መፋተግ የላይኛው ጎማ፣ ሁለቱንም መሸከም የቸርኬው ድርሻ ሆነ። ቸርኬው አየር እንዲይዝ የጠየቀው ስላልነበረ ለራጂዎቹ ዳዶ መግቢያ መካከሉ ቢበሳ ችግር አልነበረም። ስለዚህም 36 ወይም 40 ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ለብዙ ዘመን የተለመደ ሆኖ ኖረ።

ለውጡ የመጣው ከመኪና በኩል ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ በአክረን ከተማ የነበረው የጉድሪች ኩባንያ በ1947 ካላማደሪያ የማያስፈልገውን ጎማ ለሕዝብ አስታወቀ፤ ፈልሳፊው ፍራንክ ኸርዜግም በ1952 የፈጠራ መብቱን አገኘ። የጎማው ውስጠኛ ገጽ አየር በማያሳልፍ ላስቲክ ተሸፍኖ፣ ጠርዙ ከቸርኬው ጋር አጥብቆ እንዲገጥም ተደረገ። በ1955 አብዛኞቹ የአሜሪካ አዳዲስ መኪናዎች በዚህ ጎማ ላይ ቆመው ይሸጡ ነበር። መኪናው በቶሎ የተቀበለው ቸርኬው ከድፍን የብረት ሰሌዳ ተጨፍልቆ የሚሠራ ስለነበረ ነው። ባለ ራጂው ሞተር ቢስክሌት ግን ቀዳዳውን ይዞ ወደ ኋላ ቀረ።

በ1970ዎቹ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ የአሉሚኒየም ቸርኬ በሞተር ቢስክሌት ላይ እየተስፋፋ ሲሄድ ችግሩ ያበቃ መሰለ። ቀዳዳ የለውምና ብዙዎች ቲዩብለስ ነው ብለው ገመቱ፤ ግምቱ ግን ሁልጊዜ ልክ አልነበረም። ለምሳሌ የቢ ኤም ደብሊው ፋብሪካ በአየር በሚቀዘቅዙት ሞተሮቹ ላይ በ1970ዎቹ መጨረሻ የገጠማቸው የበረዶ ቅንጣት የሚመስሉ ቸርኬዎች ራጂ ባይኖራቸውም ካላማደሪያ የሚጠይቁ ነበሩ። እንግዲህ ከቀዳዳው ሌላ የሚጎድል ነገር ነበረ ማለት ነው።

ይህም ነገር ጉብታው ነው። የሞተር ቢስክሌት ቸርኬ ጎማው እንዲገባለት መካከሉ ጎድጓዳ ነው። «ደብሊው ኤም» በሚባለው በቀድሞው ቅርጽ፣ የጎማው ጠርዝ ወደ ጎድጓዳው እንዳይንሸራተት የሚከለክል ነገር የለም። «ኤም ቲ» በተባለው ለቲዩብለስ በተዘጋጀው ቅርጽ ግን ከጠርዙ መቀመጫ አጠገብ ዙሪያውን የሚዞር ዝቅተኛ ጉብታ አለ። አየሩ ቀንሶ ሞተሩ በኩርባ ሲያዘነብል ጠርዙ ከቦታው ለመልቀቅ ይታገላል። ያልተወጋ ካላማደሪያ ካለ ጠርዙ ለቅጽበት ቢነቃነቅም አየሩ አይወጣም። ካላማደሪያውም ጉብታውም ከሌሉ ግን አየሩ ባንዴ ያመልጣል፤ ጎማውም ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል።

የራጂና የቲዩብለስ እርቅ በ1987 በቢ ኤም ደብሊው አር 100 ጂ ኤስ ላይ ታየ። በዚህ ሞተር ራጂዎቹ ከቸርኬው መካከል ተነሥተው ወደ ዳርና ዳሩ ተወሰዱ፤ ስለዚህ የአየሩ ክፍል ሳይበሳ ቀረ። መፍትሔው የተገኘው ቀዳዳውን በመድፈን ሳይሆን ቦታውን በመለወጥ ነው።

ዛሬ የዳዶዎቹን ቀዳዳ በማጣበቂያ ወይም በልዩ ፕላስተር ደፍነው አሮጌውን ቸርኬ ቲዩብለስ የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። ሥራው ጉብታ ባለው ቸርኬ ላይ በጥንቃቄ ከተሠራ የሚናቅ አይደለም። ጎማው በሚስማር ቢወጋ አየሩ በዝግታ ይወጣልና ነጂው ለመቆም ጊዜ ያገኛል፤ ቀዳዳውንም ጎማው ሳይወልቅ ከውጭ ለጊዜው መድፈን ይቻላል። ነገር ግን ራጂ የሚላላና የሚጠብቅ ነገር ነው፤ ዳዶው በተነካ ቁጥር ድፋኑ መመርመር አለበት። ከሁሉ በላይ ማጣበቂያ ቀዳዳን ይደፍናል እንጂ ጉብታን አይፈጥርም።

ስለዚህ ለደንበኛው ከመመለሳችን በፊት ሁለት ነገር እንመርምር፤ ቸርኬው አየር ይይዛልን? የጎማውን ጠርዝስ በቦታው ያጸናልን? ሁለተኛው ከሌለ ካላማደሪያው ይመለስ። አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ ቲዩብለስ የተባለ ጎማ በልኩ ካላማደሪያ ገብቶለት በአሮጌ ቸርኬ ላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ሙቀቱ የሚጨምር መሆኑን ግን ለነጂው መንገር ይገባል። ደንበኛው በመልሳችን ቅር ይሰኝ ይሆናል፤ ቅር ተሰኝቶም ቢሆን በደኅና ቤቱ መግባቱ ይሻላል።